የቧንቧ ውኃ አመኔታና የሰውነት የውኃ ሚዛን፦ በአሜሪካ የላቲንክስ አዋቂዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ፍተሻ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የሚኖሩ የላቲንክስ አዋቂዎች የቧንቧ ውኃን ከነጮች ይልቅ እንደሚጠራጠሩና በምትኩ የታሸገ ውኃ እንደሚያዘወትሩ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። ከዚህ በመነሣት ጥርጣሬው ራሱ ለሰውነት የውኃ ማነስ ይዳርጋል የሚል ድምዳሜ በተደጋጋሚ ይሰነዘራል። ይህ ጽሑፍ ድምዳሜውን በሦስት ጥያቄዎች ይፈትሻል፦ ጥርጣሬው ከየት መጣ? ከጥርጣሬ ወደ ውኃ ማነስ የሚያደርሰው መንገድ የትኛው ነው? በሥራ ላይ ያሉት መለኪያዎችስ ይህን መንገድ ለማሳየት ይበቃሉ? የጽሑፉ መከራከሪያ ጥርጣሬና የውኃ ማነስ በቀጥታ የሚያያዙ ሳይሆኑ በመካከላቸው «በምትኩ ምን ተጠጣ?» የሚል ወሳኝ ጥያቄ መኖሩ፣ መፍትሔውም ከማሳመን በፊት ከመመርመር መጀመር እንዳለበት ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የቧንቧ ውኃ፣ አመኔታ፣ የሰውነት የውኃ ሚዛን፣ ኦስሞላሊቲ፣ ላቲንክስ

1. መግቢያ

በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ የምትኖር አንዲት እናትና በካሊፎርኒያ ቱላሬ አውራጃ ኢስት ኦሮሲ በምትባል አነስተኛ የገበሬዎች መንደር የምትኖር ሌላ እናት ለአንድ መጠይቅ ተመሳሳይ መልስ ሰጡ እንበል፦ «የቧንቧውን ውኃ አላምነውም።» በመረጃ ቋቱ ውስጥ ሁለቱ መልሶች አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣቸዋል። በእውነታው ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። የፊኒክስ የቧንቧ ውኃ ጠንካራና ማዕድን የበዛበት፣ የክሎሪን ጣዕም ያለው ቢሆንም የፌዴራሉን የጥራት መሥፈርት እንደሚያሟላ የከተማው ዓመታዊ ሪፖርት ይገልጻል። በኢስት ኦሮሲ ግን የጉድጓዶቹ ውኃ ከሕጋዊው ወሰን በላይ ናይትሬት እንደያዘ ለረጅም ዓመታት ሲመዘገብ ቆይቷል። የመጀመሪያዋ እናት ጥርጣሬ ከጣዕም፣ ከትውስታ ወይም ከተቋም ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል፤ የሁለተኛዋ ግን ትክክለኛ የአደጋ ግምገማ ነው።

ይህ ልዩነት ከሥነ ዘዴ ጥያቄነት ያለፈ ክብደት አለው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በአሜሪካ 62.1 ሚሊዮን ላቲኖዎች ይኖራሉ፤ ይህም ከጠቅላላው ሕዝብ 18.7 በመቶ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህም ብዙዎቹ በእርሻና በግንባታ ሥራ ላይ ተሠማርተው በሙቀት ውስጥ ይውላሉ። በፊኒክስ በ2023 የሙቀት መጠኑ ለ31 ተከታታይ ቀናት 43 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ደርሶ ነበር፤ ከተማዋ በምትገኝበት ማሪኮፓ አውራጃ በዚያው ዓመት ከሙቀት ጋር የተያያዙ 645 ሞቶች ተመዝግበዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ አንድ ሰው በቤቱ ካለው የውኃ ምንጭ መጠጣቱና አለመጠጣቱ ተራ የምርጫ ጉዳይ ሆኖ ሊታለፍ አይችልም።

«ላቲንክስ» የሚለው ስያሜ ከላቲን አሜሪካ የሚመነጩ ማኅበረሰቦችን ጾታ ሳይለይ ለመጥራት በምርምር ጽሑፎች የተለመደ ነው። አብዛኞቹ የማኅበረሰቡ አባላት ራሳቸውን ሲጠሩ «ሂስፓኒክ» ወይም «ላቲኖ» ማለትን ይመርጣሉ። ስያሜው ከሜክሲኮ የመጣውን፣ የፖርቶ ሪኮ ተወላጁንና በቴክሳስ ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ የኖረውን በአንድነት የሚያጠቃልል በመሆኑ፣ የውኃ ልምዳቸው አንድ ነው ተብሎ መወሰድ የለበትም።

2. የጥርጣሬው ምንጮች

2.1 ከትውልድ አገር የመጣ ትውስታ። በሜክሲኮ የታሸገ ውኃ አጠቃቀም በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ተርታ ይመደባል። ለዚህ በተለምዶ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል በ1985 የሜክሲኮ ሲቲን የውኃ መሥመሮች ያበላሸው የመሬት መንቀጥቀጥና በ1991 ከፔሩ ተነሥቶ በላቲን አሜሪካ የተዛመተው የኮሌራ ወረርሽኝ ይገኛሉ። ከዚያ ወዲህ «ጋራፎን» የሚባለው ባለ 20 ሊትር የውኃ ጠርሙስ በሜክሲኮ ቤቶች የተለመደ ዕቃ ሆኗል። ስደተኛው ይህን ልማድ ይዞ ሲሄድ በአዲሱ አገር የሚጠቀምበት አጉል እምነት ስለያዘው አይደለም፤ በቀድሞው አገር ጤናውን የጠበቀለት ጥንቃቄ ስለሆነ ነው።

2.2 በአሜሪካ ውስጥ የተገኘ ልምድ። ጥርጣሬው ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። በቴክሳስ የድንበር አካባቢ «ኮሎኒያስ» የሚባሉ፣ ብዙዎቹ ያለ ቧንቧ ውኃና ያለ ፍሳሽ ማስወገጃ የተመሠረቱ ከ2,000 በላይ ሰፈሮች አሉ። በካሊፎርኒያ የሳን ዋኪን ሸለቆ ከእርሻ ማዳበሪያና ከከብት እርባታ የሚመነጭ ናይትሬት ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ዘልቋል፤ በአንዳንድ ስፍራም አርሴኒክ ይገኛል። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2012 የውኃ ሰብዓዊ መብትን በሕግ ቢያውጅም፣ ንጹሕ ውኃ ላላገኙ ማኅበረሰቦች ቋሚ የገንዘብ ምንጭ የተመደበው በ2019 በወጣው ሌላ ሕግ ነው። ከመብቱ መታወጅ እስከ ገንዘቡ መመደብ ሰባት ዓመት አልፏል። በሚሺጋን ግዛት በፍሊንት ከተማ ደግሞ በኤፕሪል 2014 የውኃ ምንጩ ወደ ፍሊንት ወንዝ ሲቀየር ዝገት ተከላካይ ኬሚካል ባለመጨመሩ ከቧንቧዎቹ እርሳስ ወደ ውኃው ገባ። ባለሥልጣናት ለረጅም ጊዜ ውኃው ደኅና ነው ሲሉ ቆይተዋል። በኋላም የታሸገ ውኃ ሲታደል በአንዳንድ ማደያዎች መታወቂያ ይጠየቅ እንደነበረና ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ብቻ በመሰራጨቱ የስፓኒሽ ተናጋሪ ነዋሪዎች ዘግይተው እንደሰሙ በወቅቱ ተዘግቧል።

2.3 የስሜት ሕዋሳት ምስክርነት። ሰው ውኃን የሚመዝነው በምላሱ፣ በአፍንጫውና በዓይኑ ነው። እነዚህ ምስክሮች ግን በሁለት አቅጣጫ ያሳስታሉ። የክሎሪን ሽታና የካልሲየም ዝቃጭ በአብዛኛው ጉዳት የሌላቸው ሲሆኑ በግልጽ ይታወቃሉ፤ ናይትሬት፣ አርሴኒክና እርሳስ ግን ሽታም ጣዕምም ሳይኖራቸው ይጎዳሉ። ስለዚህ በጣዕም ላይ የተመሠረተ ጥርጣሬ ደኅናውን ሊያስጥል፣ በጣዕም ላይ የተመሠረተ አመኔታም ጎጂውን ሊያስጠጣ ይችላል።

2.4 ተቋማዊ ርቀት። በ1974 የወጣው የንጹሕ መጠጥ ውኃ ሕግ ቢያንስ 15 የውኃ መሥመሮች ያሉትን ወይም ቢያንስ 25 ሰዎችን በቋሚነት የሚያገለግል የውኃ ሥርዓት ይቆጣጠራል፤ የግል ጉድጓድን አይጨምርም። በ1996 በተደረገው ማሻሻያ መሠረት የውኃ ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው ዓመታዊ የጥራት ሪፖርት ማቅረብ አለባቸው። ሪፖርቱ በቀጥታ የሚደርሰው ግን የውኃ ክፍያውን ለሚከፍለው ሰው ነው። የውኃ ክፍያው በኪራዩ ውስጥ የተጠቃለለለት ተከራይ ስለሚጠጣው ውኃ የተጻፈውን ሪፖርት ላያየው ይችላል። ሪፖርቱ ቢደርሰውም ቋንቋው ለኬሚስት እንጂ ለነዋሪ የተጻፈ አይመስልም። ከዚህም በላይ ሪፖርቱ የሚናገረው በዋናነት ስለ ሥርዓቱ ውኃ ነው፤ በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ ባለው ቧንቧ የሚያልፈው ውኃ በመጨረሻ ምን ይዞ እንደሚወጣ በእያንዳንዱ ቤት አይነግርም።

3. ከጥርጣሬ ወደ ውኃ ማነስ፦ ሦስት መንገዶች

የቧንቧ ውኃን የማያምን ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋል።

አንደኛው መተካት ነው፦ የታሸገ ውኃ ወይም በላቲኖ ሰፈሮች ከሚገኙ የውኃ መሸጫ ማሽኖችና ሱቆች የተቀዳ ውኃ ይጠጣል። በዚህ መንገድ የሰውነት የውኃ ሚዛን ላይጎዳ ይችላል፤ የሚጎዳው ኪስ ነው። ለምሳሌ አራት አባላት ያሉት ቤተሰብ ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን 3 ጋሎን (11 ሊትር ገደማ) ቢፈልግና በጋሎን 35 ሳንቲም ቢከፍል በዓመት 383 ዶላር ያወጣል። ያው መጠን ከቧንቧ በጋሎን በአንድ ሳንቲም ቢሰላ 11 ዶላር ብቻ ነው። ለመሸከም፣ ለማመላለስና ለመሰለፍ የሚባክነው ጊዜ በዚህ ስሌት አልገባም። በማሽን የሚሸጠው ውኃ ብዙውን ጊዜ ፍሎራይዱ የተጣራ በመሆኑ የልጆች ጥርስ የሚያጣው ጥቅም እንዳለም ሊዘነጋ አይገባም።

ሁለተኛው መለወጥ ነው፦ ውኃ በለስላሳ መጠጥ ወይም በስኳር በተቀላቀለ ጭማቂ ይተካል። ጠቅላላ የፈሳሽ መጠኑ ላይቀንስ ስለሚችል የሽንት ምርመራ ብቻውን ችግሩን ላያሳይ ይችላል። ጉዳቱ የሚገለጠው በክብደት፣ በጥርስና በስኳር ሕመም በኩል ነው።

ሦስተኛው መቀነስ ነው፦ የታሸገው ውኃ ውድ ስለሆነ ይቆጠባል፤ ለልጆች ይተዋል፤ በሥራ ቦታ የሚቀርበው ውኃ ስለማይታመን ጥም እስኪበረታ ይጠበቃል። ጥርጣሬን ከውኃ ማነስ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው ይህ መንገድ ብቻ ነው። በካሊፎርኒያ ከ2005 ጀምሮ ያለው የሥራ ላይ ሙቀት ደንብ አሠሪው ለእያንዳንዱ የውጭ ሠራተኛ በሰዓት አንድ ኳርት (0.95 ሊትር ገደማ) የመጠጥ ውኃ እንዲያቀርብ ያዝዛል፤ ይህም በስምንት ሰዓት ሥራ 7.6 ሊትር ገደማ ይሆናል። ይሁን እንጂ ውኃ መቅረቡና መጠጣቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደንቡ የሚለካው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛው በአመኔታ ላይ ይወሰናል።

4. የሰውነት የውኃ ሚዛንና መለኪያዎቹ

የደም ፕላዝማ ኦስሞላሊቲ፣ ማለትም በፈሳሹ ውስጥ የሟሙ ቅንጣቶች ክምችት፣ በኪሎግራም ከ275 እስከ 295 ሚሊኦስሞል ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይጠበቃል። ክምችቱ ጥቂት ከፍ ሲል በሃይፖታላመስ የሚገኙ ሕዋሳት ይህን ይገነዘባሉ፤ ከፒቱታሪ ዕጢ የኋላ ክፍል ቫዞፕሬሲን የተባለው ሆርሞን ይለቀቃል፤ ኩላሊት ውኃን መልሶ ይመጣል፤ ጥማትም ይቀሰቀሳል። በዚህ ምክንያት ጥቂት የሚጠጣ ሰው ደሙ ጤናማ ሆኖ ሲታይ ሽንቱ ግን የወፈረ ይሆናል።

ከዚህ የሚከተለው ልዩነት ለመስኩ አስፈላጊ ነው። «ድርቀት» ሰውነት ውኃ አጥቶ የደም ሚዛን የተናጋበት ሁኔታ ነው። «የውኃ ማነስ» ደግሞ ሰውነት ባነሰ ውኃ ሚዛኑን ለመጠበቅ ዘወትር የሚደክምበት ሁኔታ ነው። በላቲንክስ አዋቂዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው ቀላል አይደለም፦ በ1996 የታተመ የጣሊያን የአምስት ዓመት ሙከራ ብዙ ውኃ መጠጣት የኩላሊት ጠጠር ተመልሶ እንዳይመጣ እንደሚረዳ አሳይቷል። ሥር የሰደደ የቫዞፕሬሲን ከፍታም ከስኳር ሕመምና ከኩላሊት ድካም ጋር ተያይዞ ይታያል፤ ሆኖም አብዛኛው ማስረጃ ከምልከታ የተገኘ በመሆኑ መንስኤነቱን በእርግጠኝነት አያረጋግጥም።

በ2017 በአሜሪካ የሕዝብ ጤና መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት ከ2009 እስከ 2012 በብሔራዊው የጤናና የሥነ ምግብ ዳሰሳ የተሰበሰበውን መረጃ ተንትኗል። የሽንት ኦስሞላሊቲ በኪሎግራም ከ800 ሚሊኦስሞል ሲበልጥ በቂ ያልሆነ የውኃ ሚዛን ተብሎ ሲወሰድ፣ ከአሥር አዋቂዎች ሦስቱ ገደማ በዚህ ክልል ውስጥ ተገኝተዋል። ዕድሉ በጥቁሮችና በሂስፓኒኮች ዘንድ ከነጮች ይልቅ ከፍ ያለ ሲሆን፣ የቧንቧ ውኃ በብዛት መጠጣት ከተሻለ ሚዛን ጋር ተያይዞ ታይቷል። ከ2011 እስከ 2018 ባለው የዚሁ ዳሰሳ መረጃ ላይ የተደረገ ሌላ ትንተናም የቧንቧ ውኃን ባለመጠጣት ረገድ በዘርና በብሔረሰብ መካከል ያለው ልዩነት እንዳልጠበበ፣ ይልቁንም በመጨረሻዎቹ ዓመታት እንደሰፋ አመልክቷል።

እነዚህ ግኝቶች ጠቃሚ ቢሆኑም ሦስት ገደቦች አሏቸው። አንደኛ፣ ዳሰሳው በአንድ ወቅት የተደረገ በመሆኑ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ አይነግርም። ሁለተኛ፣ የአንድ ጊዜ የሽንት ናሙና ከተጠጣው ውኃ በተጨማሪ በተበላው ጨውና ፕሮቲን፣ በሰዓቱና በሥራው ሙቀት ይለዋወጣል፤ ጨው የበዛበት ምግብ ብቻውን ኦስሞላሊቲውን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ሦስተኛ፣ ዳሰሳው ሰው ምን እንደጠጣ እንጂ ለምን እንደጠጣ አይጠይቅም፤ የቧንቧ ውኃ አለመጠጣት እንደ አለማመን ምልክት ሲወሰድ ጣዕም፣ ልማድና ምቾት በአንድነት ይጠቃለላሉ።

ተመሳሳይ ክፍተት በዓለም አቀፍ መለኪያዎችም ይታያል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ አገሮች በተሰበሰበ መረጃ ተመሥርቶ የተዘጋጀው የቤተሰብ የውኃ ዋስትና እጦት መለኪያ 12 ጥያቄዎች አሉት። ጥያቄዎቹ ስለ ውኃ ማነስ፣ መቋረጥ፣ ጭንቀትና ኀፍረት በሚገባ ይጠይቃሉ፤ ቧንቧው እየፈሰሰ ሳለ ስለማይጠጣ ቤተሰብ ግን ለብቻው የተዘጋጀ ጥያቄ የላቸውም። ስለዚህ ይህ ቤተሰብ በመለኪያው ዋስትና እንዳለው ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል።

5. ለቀጣይ ምርምር የሚሆን ንድፍ

ከላይ የተነሡት ገደቦች የሚጠቁሙት ንድፍ አራት ክፍሎች ይኖሩታል። የመጀመሪያው አመኔታን በአራት ከፍሎ መጠየቅ ነው፦ የምንጩ ውኃ፣ የሕንፃው ቧንቧ፣ ጣዕሙ፣ እንዲሁም መረጃውን የሚሰጠው ተቋም። ሁለተኛው የተሳታፊውን የቧንቧ ውኃ መመርመር ነው፤ ይህ ከሌለ ጥርጣሬው ትክክል ይሁን ወይም አይሁን መለየት አይቻልም። ሦስተኛው የ24 ሰዓት ሽንትን ከምግብ መዝገብ ጋር መሰብሰብና ቢቻል ኮፔፕቲንን መለካት ነው። ኮፔፕቲን ከቫዞፕሬሲን ጋር ከአንድ ምንጭ ተቆርጦ የሚወጣ ሲሆን በናሙና ውስጥ ከሆርሞኑ ይልቅ ሳይበላሽ ይቆያል። አራተኛው ተሳታፊዎችን በተለያዩ ወቅቶች መከታተል ነው፤ በበጋ የተገኘ ግኝት ለክረምት ላይሠራ ይችላልና። መጠይቁም በስፓኒሽና፣ አስፈላጊ በሚሆንባቸው ስፍራዎች፣ ሚሽቴክን በመሰሉ የአገሬው ተወላጆች ቋንቋዎች መዘጋጀት ይኖርበታል።

6. ለተግባር የሚጠቅሙ ነጥቦች

የተለመደው አቀራረብ «የቧንቧ ውኃ ደኅና ነው፤ ጠጡ» የሚል ዘመቻ ነው። ይህ መልእክት በፊኒክስ ሊጠቅም ይችላል፤ በኢስት ኦሮሲ ግን ጎጂ ይሆናል። ናይትሬት ከሕጋዊው ወሰን፣ ማለትም በናይትሮጅን ሲሰላ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ ሲሆን የጨቅላ ሕፃናትን ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅም ይቀንሳል። በዚህ ረገድ ከአገር ቤት የመጣ አንድ ጥንቃቄ በተለይ ሊጤን ይገባል፦ ማፍላት። ማፍላት የኮሌራን ተሕዋስ ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያስወግድም፤ ውኃው ሲተን ይልቁንም ክምችቱን ከፍ ያደርገዋል። ተራ የከሰል ማጣሪያም ናይትሬትን አያወጣም፤ ለዚህ ሪቨርስ ኦስሞሲስን የመሰለ ሥርዓት ያስፈልጋል። ለእርሳስ ደግሞ ለዚሁ ተፈትኖ የተመሰከረለት ማጣሪያ በቂ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ትክክለኛው ምክር በአደጋው ዓይነት የሚወሰን ነው፤ የአደጋው ዓይነትም ያለ ምርመራ አይታወቅም።

በላቲኖ ማኅበረሰቦች «ፕሮሞቶራስ» የሚባሉ፣ ከሰፈሩ የወጡ የጤና አስተማሪዎች አሉ። እነርሱ ቤት ለቤት ናሙና ወስደው ውጤቱን በነዋሪው ቋንቋ ቢያስረዱ መረጃው ከሩቅ መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከሚታወቅ ሰው ይመጣል። ሆኖም ይህ ሥራ ውጤቱ ክፉ ሲሆን ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ሳይወሰን ሊጀመር አይገባም። ውኃው መበከሉን ነግሮ ማጣሪያ ሳያቀርቡ መሄድ ቀድሞውኑ የሳሳውን አመኔታ ይበልጥ ይጎዳል። ለተከራዮችም ሪፖርቱ በቀጥታ የሚደርስበት መንገድ ሊበጅ ይገባል።

7. ማጠቃለያ

የላቲንክስ አዋቂዎች የቧንቧ ውኃን መጠራጠር በብዙ ጽሑፎች እንደ የግንዛቤ ጉድለት ተቆጥሯል። ከላይ የቀረበው ፍተሻ እንደሚያሳየው ግን ጥርጣሬው ከወረርሽኝ፣ ከተበከለ ጉድጓድ፣ ካልተተረጎመ ማስታወቂያና ከተሰበረ የባለሥልጣን ቃል የተገኘ እውቀት ጭምር ነው። ይህ እውቀት አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሪፖርቱ ቀድሞ ትክክል ይሆናል። ለሰውነት የሚያመጣውም ጉዳት በጥርጣሬው መኖር ሳይሆን በምትኩ በሚጠጣው ወይም በሚቀረው ውኃ ይወሰናል። ስለዚህ የተመራማሪው የመጀመሪያ ሥራ ሁለቱን እናቶች በአንድ ቁጥር ከመደመር በፊት ከየቤታቸው ቧንቧ አንድ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀድቶ መመርመር ነው። አመኔታ ይገባዋል የሚባለው ውኃ አስቀድሞ ለአመኔታ የሚበቃ ሆኖ መገኘት አለበትና።